የተወጋ ሥጋ አይረሳም

ዕድሜው ሃምሳን የተሻገረ የከተማ ሰው ከጋዜጣና ከመጽሐፍ ሌላ አዘውትሮ የሚያነበው አንድ ነገር አለው፤ የሕክምና ምርመራ ውጤት። የደረት ራጅ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ የሲቲ ስካን ወረቀት ሁሉ ይነበባል። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ተደጋግማ የምትመጣ አንዲት ቃል አለች፦ ካልሲፊኬሽን። ይህችን ቃል ያየ አንዳንዱ ወተት መጠጣት ያቆማል፤ ሌላው ደግሞ በሰውነቴ ድንጋይ በቀለ ብሎ ይደነግጣል። እኔን ግን ቃሏ በመጣች ቁጥር የምታስታውሰኝ አንድ ሰው ነው። ከሞተ ከ120 ዓመት በላይ የሆነው ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኮው።

ሐኪም ሳልሆን ስለ ሐኪም ለመጻፍ መነሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቪርኮው የሰው አካል ላይ የሚያገኘውን ምልክት ሁሉ ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ ማስረጃ አድርጎ ይመረምር የነበረ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ያገኘውን ማስረጃ ይዞ ሕግ አውጪዎች ዘንድ የሄደ ሰው ነው። እንግዲህ በሕግ ዓይን ብመለከተው ብዙ የሚፈረድብኝ አይመስለኝም።

በቅድሚያ ነገሩን ባጭሩ እንረዳው። በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ አንድ ኪሎ ያህል ካልሲየም አለ። ከዚህ ውስጥ 99 በመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። የቀረው በደምና በሥጋ ውስጥ በጥንቃቄ ተመጥኖ ይኖራል። ጤነኛ ሕዋስ በውስጡ የሚያኖረው ነፃ ካልሲየም ከውጪው 10,000 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህንንም የሚያደርገው ሌት ተቀን ካልሲየሙን ወደ ውጪ እየገፋ ነው። ሕዋሱ ሲጎዳ ግን የሚገፋበት ጉልበት ያጣል፤ ግድግዳውም ይበሳል፤ ካልሲየሙ ይጎርፋል። የገባው ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ይያያዝና ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰል ደቃቅ ክሪስታል ይሠራል። ክሪስታሉ በክሪስታል ላይ እየተደረበ ሲሄድ የተጎዳው ቦታ ኖራ እንደ ተቀባ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን ትክክል ነው። ሐኪሞች ዲስትሮፊክ ካልሲፊኬሽን የሚሉት ይህንን ነው። ወተት የጠጣውም ያልጠጣውም ሊያገኘው ይችላል። ምክንያቱም ኖራውን የጠራው ምግቡ ሳይሆን ቀድሞ የደረሰው ጉዳት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለው ያገራችን ሰው፣ ስለ ሰውና ሰው ይናገር እንጂ፣ ለሥጋም የሚሠራ እውነት ነው የተናገረው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ቪርኮው የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1821 ሺፈልባይን በምትባል የፖሜራንያ ትንሽ ከተማ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ ያኔ የፕሩሺያ ነበረች፤ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ገበሬና የከተማዋ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ቪርኮው ደግሞ ለቤቱ አንድ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ባለጸጋ ስላልነበረ በ1839 በርሊን ሲሄድ የገባው ለጦር ሠራዊቱ ሐኪሞችን በነፃ ወደሚያሠለጥነው ተቋም ነው። በ1843 ተመርቆ ሻሪቴ በተባለው ትልቅ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። እዚያም አስከሬን በመመርመር ሥራ ላይ ተሰማራ። በ24 ዓመቱ ነጭ የደም ሕዋሳት ያለ ልክ የሚበዙበትን በሽታ ገለጸ፤ ሉኪሚያ የሚለውንም ስም ያወጣለት እርሱ ነው። እግር ላይ የረጋ ደም ተነቅሎ ሄዶ ሳንባን ሊዘጋ እንደሚችል ያሳየውም እርሱ ነው። በ1847 ከባልደረባው ከቤኖ ራይንሃርት ጋር የመሠረተው የፓቶሎጂ መጽሔት ዛሬም በቪርኮው ስም እየታተመ ነው።

ሕይወቱን የቀየረው ግን አስከሬን ክፍሉ ውስጥ ያገኘው ነገር አይደለም። በ1848 መጀመሪያ ላይ በላይኛው ሲሌዥያ፣ የፖላንድ ቋንቋ ተናጋሪ ድሆች በሚኖሩበት የፕሩሺያ ግዛት፣ ረሃብና ታይፈስ ሕዝቡን ይጨርስ ገባ። ታይፈስ እኛ ተስቦ የምንለው ነው፤ ከረሃብና ከመፈናቀል ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ ያገራችን ታላላቆች ሳይነገራቸው ያውቁታል። መንግሥት ጉዳዩን አጣርቶ እንዲመጣ የ26 ዓመቱን ቪርኮው ላከው። ወጣቱ ሐኪም ሦስት ሳምንት ያህል ከጎጆ ጎጆ እየገባ አየ። አንድ ክፍል ውስጥ ከከብቶቹ ጋር የሚተኛውን ቤተሰብ፣ ድንቹ የከሸፈበትን ገበሬ፣ በማይገባው ቋንቋ የሚተዳደረውን ሕዝብ አየ።

ያቀረበው ሪፖርት መንግሥት የጠበቀው ዓይነት አልነበረም። መድኃኒትና ሐኪም ላኩ ብሎ አላበቃም። ለሕዝቡ ራሱን የማስተዳደር መብት፣ በራሱ ቋንቋ ትምህርት፣ ፍትሐዊ ግብር፣ መንገድና ሥራ እንዲሰጠው ጠየቀ። ተጠያቂዎቹንም አልሸሸገም፤ ቢሮክራሲውን፣ ባላባቶቹንና ካህናቱን በየድርሻቸው ወቀሰ። እኔ ይህንን ሪፖርት የማየው እንደ ክስ ማመልከቻ ነው፤ ድርጊቱ፣ ጉዳቱ፣ ተከሳሹና የሚጠየቀው ዳኝነት ተለይተው ተቀምጠውበታል። የሚገርመው ደግሞ ታይፈስን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗ የታወቀው ከስድሳ ዓመት በኋላ በ1909 መሆኑ ነው። ቪርኮው ቅማሏን አላወቃትም። ቅማሏ የምትራባበትን ኑሮ ግን በትክክል አወቀው።

ከሲሌዥያ ሲመለስ በርሊን በአብዮት እየተናጠች ነበር። በማርች 1848 ጎዳና ላይ በተሠሩት ምሽጎች ከተሰለፉት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ከአንድ ጓደኛው ጋር የሕክምና ተሐድሶ የሚል ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ። አብዮቱ ሲከሽፍ የሚመጣው ነገር ግልጽ ነው፤ በ1849 ከሥራው ታገደ። በዚሁ ዓመት በባቫሪያ ያለው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰርነት ሰጥቶ ወሰደው። በ1850 ሮዘ ማየርን አገባ፤ ስድስት ልጆችም ወለዱ።

እንግዲህ ፖለቲካው የተዘጋበት ይህ ዘመን ለሳይንሱ የሰፋ ዘመን ሆነለት። ስለ ኖራ የጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የወጣው በ1855 ነው። አጥንታቸው በበሽታ የተበላ ሕሙማን ሲሞቱ ሳንባቸውና ጨጓራቸው ላይ ኖራ ተጋግሮ አገኘ። የእነዚህ ሰዎች ሳንባ ቀድሞ አልተጎዳም ነበር። ታዲያ ኖራው ከየት መጣ? ቪርኮው ያቀረበው መልስ ከአጥንቱ ነው የሚል ነበር፤ የፈረሰው አጥንት ማዕድኑን ለደም ይሰጣል፤ ደሙ መሸከም ሲያቅተው ሌላ ቦታ ያራግፈዋል። የኖራ ፍልሰት ልንለው እንችላለን። ዛሬም ሜታስታቲክ ካልሲፊኬሽን በሚለው ስም ይታወቃል፤ ኩላሊታቸው በደከመ ሕሙማን ላይ ሐኪሞች አጥብቀው የሚከታተሉትም ነው።

ጠበቃ ሁለቱን ዓይነቶች እንዲህ ይለያቸዋል። በመጀመሪያው ዓይነት ኖራው የተገኘበት ቦታ ራሱ ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን ወንጀሉ የተፈጸመው ሌላ ቦታ ነው፤ የተገኘው ወደ ሌላ ቦታ የተወሰደ ንብረት ብቻ ነው። ይህንን ያልለየ መርማሪ ንጹሑን ይዞ ይከሳል። የቪርኮው ብልሃት ሁለቱንም ነጭ ነገር አይቶ አንድ ናቸው አለማለቱ ነው።

በ1856 በርሊን መልሳ ጠራችው፤ አዲስ የፓቶሎጂ ተቋምም ሠራችለት። በ1858 የሰጣቸው 20 ንግግሮች ተሰብስበው በመጽሐፍ ሲታተሙ ሕክምና ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ የኖረበትን በሽታ ሁሉ ከሰውነት ፈሳሾች መዛባት ይመጣል የሚል አስተሳሰብ ተሰናበተ። በሽታ የሚቀመጠው ሕዋስ ውስጥ ነው፤ ሕዋስም የሚገኘው ከሌላ ሕዋስ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ በእርሱ መጽሐፍ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። በዚህ ሐሳብ ከእርሱ የቀደመው ሮበርት ሬማክ የሚገባውን ምስጋና አላገኘም፤ ይህ በቪርኮው ታሪክ ላይ ያለ ጥላ ነው። ቪርኮው ሰውነትን በዜጎች እንደ ቆመ አገር አድርጎ ያየው ነበር፤ እያንዳንዱ ሕዋስ ዜጋ ነው፤ የአገሩ ጤና ከዜጎቹ ጤና የተለየ አይደለም። በዚሁ ዘመን የደም ቧንቧ መደደርን ሲመረምር፣ የሞተ ሥጋ ኖራ መጠጣት ብቻ አለመሆኑን፣ አልፎ አልፎ ሕይወት ያለው ሥጋ እንደ አጥንት ዓይነት ሥራ እየሠራ መሆኑን ጻፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ነገሩን የእርጅና ዝገት አድርገው ብዙ ዘመን ቆዩ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን በቧንቧው ግድግዳ ያሉ ሕዋሳት የአጥንት ሠሪ ሕዋሳትን ጠባይ እንደሚይዙ በጥናት ተረጋግጧል።

አሁን ወደምወደው የሕይወቱ ምዕራፍ ልምጣ፤ ስለ ሥጋ። በ1835 በለንደኑ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ጀምስ ፓጄት የሚባል የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ በአንድ አስከሬን ጡንቻ ውስጥ እንደ አሸዋ የሚሻክሩ፣ ቢላዋ የሚያደንዙ ነጫጭ ነጥቦች አየ። በማጉያ ሲታዩ በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ የተጠቀለለች ትል አለች። ትሪኪና የምትባለው ይህች ናት። ሰውነት ያልተጋበዘችውን እንግዳ በሽፋን ይከባታል፤ ከወራት በኋላ ሽፋኑ ኖራ መጠጣት ይጀምራል፤ ትሏም ውሎ አድሮ እዚያው ትቀበራለች። ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ነገሩ የማይጎዳ ጉድ ተደርጎ ቆየ። መቃብሩን አዩ እንጂ ሟቹ በሕይወቱ ምን እንዳደረገ የጠየቀ አልነበረም።

በጃንዋሪ 1860 በድሬስደን ከተማ አንዲት ወጣት የቤት ሠራተኛ ታይፎይድ ነው ተብላ ሞተች። ፍሬድሪክ ሴንከር የተባለው ሐኪም አስከሬኗን ሲመረምር ጡንቻዋ በሕይወት ባሉ ትሪኪናዎች ተሞልቶ አገኘው። ለበዓል የታረደ አሳማ ሥጋ በልታ ነበር፤ አብረዋት ከበሉትም የታመሙ ነበሩ። ሴንከር ከሥጋው ለቪርኮው ላከለት። ቪርኮው ለእንስሳት አበላው፤ የትሏንም ጉዞ ከሆድ እስከ ጡንቻ ተከታተለው። ኖራ የለበሰችው ነጥብ ያለፈ ግድያ ምስክር ሆና ተገኘች።

ከዚያ በኋላ ቪርኮው ላቦራቶሪው ውስጥ አልተቀመጠም። ለሕዝብ የሚገባ መጽሐፍ ጻፈ፤ የታረደ አሳማ ሁሉ ሳይሸጥ በማይክሮስኮፕ ይመርመር ብሎ ተነሣ። ሥጋ ሻጮች ተቃወሙ፤ ገበያችን ሊዘጋ ነው አሉ። በዚህ መሐል በ1865 ሄደርስሌበን በምትባል መንደር ከ300 በላይ ሰዎች በትሪኪና ታመው 100 ያህሉ ሞቱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። የከተሞችና የግዛቶች ደንቦች ቀስ በቀስ ወጡ፤ በ1881 በርሊን ማዕከላዊ ቄራዋን ከፈተች፤ በ1900 ደግሞ ለመላው ጀርመን የሥጋ ምርመራ ሕግ ታወጀ። ቪርኮው ይህንን ለማየት በቅቷል።

ለኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ቁርጥና ክትፎ የምንወድ ሕዝቦች ነን። የኛው ትል ሌላ ነው፤ በበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ነው። ነገር ግን የኮሶ እንቁላል በልቶ የተለከፈ በሬ ጡንቻ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢትም ስትሞት ኖራ ትለብሳለች፤ የቄራ መርማሪም ሥጋውን ሰንጥቆ የሚፈልገው ሕያዋኑንና እነዚህን ነጫጭ ምልክቶች ነው። በነገራችን ላይ በዚያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያገራችን የኮሶ አበባ ደርቆ እስከ ጀርመን ይሄድ ነበር፤ በአገሪቱ ኦፊሴላዊ የመድኃኒት መዝገብም ሠፍሮ ነበር። እኛ መድኃኒቱን ሰጠናቸው። እነርሱ ግን መድኃኒቱን ይዘው ሳያበቁ ምርመራውን ሕግ አደረጉት። የቄራ ማኅተም የሌለው ሥጋ በየመንደሩ ሲሸጥ ባየሁ ቁጥር ይህ ልዩነት ይከነክነኛል።

ሕግ እንዲወጣ ሕግ በሚወጣበት ቦታ መገኘት ያስፈልጋል። ቪርኮው በ1859 የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ እስኪሞት ድረስም ቆየበት። በ1861 የተራማጅ ፓርቲውን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በ1862 ለፕሩሺያ ምክር ቤት ተመረጠ፤ ከ1880 እስከ 1893 ደግሞ በጀርመን ራይሽስታግ ተቀመጠ። የቢስማርክን የጦር በጀት አጥብቆ ተቃወመ። በ1865 ቢስማርክ ተቆጥቶ ለአንድ ለአንድ ፍልሚያ ጠራው፤ ቪርኮው ግን አልቀበልም አለ። ቪርኮው መሣሪያ የመምረጥ ዕድል ሲሰጠው ሁለት ቋሊማ፣ አንዱ ደህና አንዱ ትሪኪና ያለበት፣ አቀረበ፤ ቢስማርክም ፈርቶ ተወው የሚል ተረት በሰፊው ይወራል። ተረቱ ይጥማል፤ የዘመኑ አስተማማኝ ማስረጃ ግን አልተገኘለትም። ማስረጃ ሲወድ የኖረን ሰው ባልተረጋገጠ ወሬ ማመስገን እርሱንም ደስ የሚያሰኘው አይመስለኝም።

በከተማው ምክር ቤት የሠራው ሥራ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። በርሊን ያኔ ፍሳሿ በጎዳና ዳር ቦይ የሚሄድ፣ የምትሸት ከተማ ነበረች። ቪርኮው ጉዳዩን ያጠናውን ኮሚሽን መርቶ ቁጥር በቁጥር አስረዳ፤ መሐንዲሱ ጀምስ ሆብሬኽት ነደፈው፤ በ1873 ግንባታው ተጀመረ። የከተማዋ ሆስፒታሎች ሲሠሩም፣ የሥጋ ምርመራ ሲደራጅም እጁ ነበረበት። በ1876 ደግሞ የአስከሬን ምርመራን ሥርዓት በተለይ ለፍርድ ቤት ሥራ እንዲያገለግል አድርጎ በመጽሐፍ አወጣ። አስከሬን ሳይዘለል፣ በቅደም ተከተል፣ ከራስ እስከ እግር ይታይ የሚለው ይህ ሥርዓት ለወንጀል ፍትሕ ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም።

ሰው ነውና ድክመትም ነበረው። ድክመቱ የመጣውም ከብርታቱ ነው። የቆዩ ቁስሎችን ማንበብ ስለሚችል ሁሉንም ነገር ቁስል አድርጎ ማንበብ ጀመረ። በ1872 ከኒያንደርታል ሸለቆ የወጡትን አጥንቶች አይቶ በልጅነቱ አጥንቱ የለሰለሰበት፣ ኋላም በምት የተጎዳና በመገጣጠሚያ በሽታ የተጠቃ ሰው ነው አለ። ሌላ የሰው ዘር መሆኑን አልተቀበለም። ከዚህ የከፋው ሳንባ ነቀርሳ ላይ ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ በኖራ የተዘጉ የሳንባ ቁስሎች በእጁ አልፈዋል። ነገር ግን በሽታውን ለሁለት ከፍሎ የተለያዩ ናቸው ሲል ኖረ። በ1882 ሮበርት ኮኽ በዚያችው በርሊን ተነሥቶ ባክቴሪያውን ሲያሳይ፣ የወጋውን እጁን ይዞ ሲያቀርበው፣ ቪርኮው ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ አየው። ድህነት ዋናው ምክንያት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጀርም ብቻውን ምክንያት ነው ተብሎ ድህነት እንዳይረሳ መስጋቱ ይገባኛል። ሆኖም ምስክሩን አክብሮ ወንጀለኛውን አላውቅህም ማለት ፍትሕ አይሆንም። ሁለቱም፣ ጀርሙም ኑሮውም፣ በአንድ መዝገብ ሊከሰሱ ይገባ ነበር።

ቪርኮው በ1899 የሰበሰባቸውን ከ20,000 በላይ የአካል ናሙናዎች ለሕዝብ የሚያሳይ ሙዚየም በሻሪቴ ከፈተ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1902፣ በ80 ዓመቱ፣ ከሚሄድ ትራም ሲወርድ ወድቆ ዳሌው አካባቢ የጭን አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አላገገመም፤ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1902 በርሊን ውስጥ አረፈ።

ከዚህ ሰው ሕይወት እኔ የምወስደው አንድ ነገር ነው። በተጎዳ ሥጋ ላይ የሚያርፍ ኖራ በአብዛኛው ጥፋተኛ አይደለም፤ ምስክር ነው። ሳንባ ላይ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ያለፈ ቲቢ ይመሰክራል። ጡት ላይ የሚታይ አንዳንዱ ዓይነት ካንሰርን ሊጠቁም ይችላልና ሐኪም ሳያጣራው አይታለፍም። በልብ ቫልቭ ላይ ሲገኝ ደግሞ፣ በተለይ ባገራችን በወጣቶች ላይ፣ የሚናገረው ታሪክ አሳዛኝ ነው። በልጅነት የመጣ የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ይቀራል፤ ከሳምንታት በኋላ ሪህ መሰል ትኩሳት ይከተላል፤ ትኩሳቱ ተመላልሶ ቫልቩን ያጠባስሰዋል፤ ጠባሳው ዓመታት ቆይቶ ኖራ ይለብሳል። ያኔ የሚያስፈልገው ውድ ቀዶ ሕክምና ነው። በጊዜው ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው በጥቂት ብር የሚገዛ ፔኒሲሊን፣ የሚቀርብ ጤና ጣቢያና ልጆች ተጨናንቀው የማይተኙበት ቤት ነበር።

ቪርኮው ዛሬ መጥቶ ያንን ቫልቭ ቢያይ ኖራውን በመቁጠር ብቻ የሚያበቃ አይመስለኝም። ልጁ የት ሰፈር እንዳደገ፣ ስንት ሆነው እንደሚተኙ፣ ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይጠይቃል። ከዚያም መልሱን ይዞ በጀት ወደሚጸድቅበት አዳራሽ ይሄዳል። ልብ የሚቀይሩ ሐኪሞቻችንን እናመስግን። ነገር ግን ኖራውን የሚፍቀው ሐኪም ብቻውን መዝገቡን አይዘጋውም፤ ጥያቄው ሕግ ለሚያወጡትና ገንዘብ ለሚመድቡትም ነው። የተወጋው አልረሳም፤ በነጭ ኖራ ጽፎ አስቀምጦታል። የሚያነብ ይስጠን።

ቸር ይግጠመን።